ጎማው ላይ ያለው ጽሑፍ፦ ለአሮጌ ብስክሌት ወዳጆች የአሠራር መመሪያ

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አንድ ቅዳሜ ብስክሌቴን አጥር ላይ አስደግፌ ስወለውል መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ጎማውን ትክ ብለው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጽሑፍ ቫልቩ ላይ የገጠመው እንዲያው ነው ወይስ ሆን ብለህ?» አሉኝ። ሆን ብዬ ነው አልኳቸው። «ጎበዝ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ዕድሜ ልካቸውን ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገብቷቸዋል።

ይህን የምጽፈው ምክንያቱን ለሚጠይቁኝ ነው። የጎማ ጽሑፍ ሲያዩት ለጌጥ የተቀመጠ ይመስላል። ግን ሥራ አለው። የጎማውን መጠን ይነግራል፣ የንፋሱን ልክ ይነግራል፣ ከቫልቩ ጋር ከገጠመ ደግሞ እሾኹ የት እንደተሰካ ይጠቁማል። ስለዚህ መጀመሪያ ማንበቡን፣ ቀጥሎ ማግጠሙን፣ መጨረሻ ላይ ማሳመሩን እናያለን። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ጀምሮ ቀለም ይዞ ቁጭ ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያበላሸሁትን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አሮጌ ብስክሌት ስል በሐሳቤ ያሉት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ቀጭኑ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው፤ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ጥቁር፣ ጎኑ የማር ቀለም ያለው። እነ ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደሩበትን ዘመን የሚያስታውስ ዓይነት። ሌላው ቁመተ ረጅሙ ባለ 28 ነው፤ የሻንጋዩ ፎኒክስ፣ የቲያንጂኑ ፍላይንግ ፒጅን። እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት በበዛበት ከተማ ያደገ ሰው ይሄኛውን ሳላብራራለት ያውቀዋል።

መጀመሪያ ማንበብ

ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በጥቁር ጎማ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን አይታይም። የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ጎማውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አጋድማችሁ አብሩበት። ፊደሎቹ ጥላ ይጥሉና ብቅ ይላሉ። አሁንም እምቢ ካለ ጠመኔ አሹበትና በጣታችሁ ጠረግ አድርጉት። ጠመኔው የፊደሎቹ ጠርዝ ላይ ይቀራል።

የምትፈልጉት በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮችን ነው። ለምሳሌ 28-622። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፣ እሱም በሚሊሜትር። ጎማ ስትገዙ የምታምኑት ይሄንን ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ሌላው ቁጥር ሁሉ ያሳስታል።

እንዴት ያሳስታል? «28» የሚለውን እንውሰድ፤ ይሄ የጎማው ቁመት በኢንች ነው። 28 × 1 1/2 የተጻፈበት ወፍራሙ ጎማ በትክክለኛ መለኪያው 635 ነው። 28 × 1 5/8 × 1 3/8 የተጻፈበት ደግሞ 622 ነው። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ «28» ይባላሉ። በመሀላቸው ግን 13 ሚሊሜትር አለ። 27 × 1 1/4 የሚለው የድሮ ጎማ 630 ነው፤ ዛሬ በየቦታው የሚገኘው 700ሲ የሚባለው መጠን 622 ነው። እዚህ ልዩነቱ ስምንት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሰው የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው። ትንሹን ጎማ በትልቁ ቸርኬ ላይ ለማስገባት የሚታገል ሰው ካላማዳሪውን ቀዶ ነው የሚያርፈው። ትልቁን በትንሹ ላይ ያስገባ ደግሞ ንፋስ ሲሞላ ጎማው ከቸርኬው ዘሎ ይወጣበታል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላላ።

ባለ 26ቱ የባሰ ነው። 26 × 1 3/8 ማለት 590 ነው። 26 × 2.125 ማለት 559 ነው። በክፍልፋይ የተጻፈና በነጥብ የተጻፈ አንድ እንዳይመስላችሁ። 1 3/4 እና 1.75 በሒሳብ ክፍል እኩል ናቸው። ጎማ ላይ ግን አንዱ የአንዱን ቸርኬ አይገጥምም። ሻጩ «ያው ነው ወንድሜ» ካላችሁ የሰረዙን ቁጥር አሳዩኝ በሉት።

ቀጥሎ የንፋሱ ልክ ነው። አንዳንዱ በፒኤስአይ፣ አንዳንዱ በባር፣ አንዳንዱ በኪሎ ፓስካል ይጽፈዋል። 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በፒኤስአይ 14.5 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጎማችሁ ላይ 280 ኪሎ ፓስካል ካለ 2.8 ባር ወይም ወደ 40 ፒኤስአይ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ስታስሞሉ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለመኪና የተሠራ ኮምፕሬሰር የብስክሌት ጎማን በሰከንዶች ነው የሚሞላው። አንድ ነገር ልጨምር። ጎማው ላይ ያለው ከፍተኛ ልክ የጎማው ነው እንጂ የቸርኬያችሁ አይደለም። የብዙ አሮጌ ቸርኬ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ አዲሶቹ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ የለውም። አዲስ ጎማ አሮጌ ቸርኬ ላይ ስታስገቡ እስከ መጨረሻው ልክ አትሙሉት።

ቀስትም ካለ ልብ በሉት። ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ቀስቱ የሚያመለክተው አቅጣጫ ነው። ካቴናው ባለበት በኩል ቆማችሁ ስታዩት፣ የጎማው አናት ላይ ያለ ቀስት ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ብስክሌቱ ፊት መጠቆም አለበት።

ያነበባችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሱት። ከፍ ብለው የተቀረጹ ፊደሎች ካሉ ስስ ወረቀት አስቀምጡባቸውና በእርሳስ ጎን አሹት። ልጅ ሆነን ሳንቲም እንገለብጥ የነበረው ዓይነት ማለት ነው። ይህ ወረቀት በኋላ ይጠቅማችኋል።

ከቫልቩ ጋር ማግጠም

ደንቡ አጭር ነው። የኩባንያው ስም መሀል ቫልቩ ላይ ይውላል። ጽሑፉ በአንድ ጎን ብቻ ካለ ደግሞ ካቴናው ወዳለበት ጎን ይዞራል፤ ብስክሌት ፎቶ የሚነሳው ከዚያ በኩል ነውና።

ምክንያቱን ጎረቤቴ ያውቁታል አልኩ። አንደኛው ይሄ ነው። ጎማው ተነፈሰ እንበል። ካላማዳሪውን አወጣችሁ፣ በፖምፓ ትንሽ ሞላችሁ፣ ጆሯችሁ ሥር አዞራችሁ «ስስስ» የሚልበትን አገኛችሁ። ቀዳዳው ከቫልቩ ሁለት ስንዝር ራቅ ብሎ ነው። አሁን ጎማውን አንሱ። ስሙ ያለበት ቦታ የቫልቩ ቦታ ነበር። ከስሙ ጀምራችሁ ሁለት ስንዝር ለኩ፤ እሾኹ ወይም ሽቦው እዚያ ነው። ካላማዳሪው ሲወጣ የትኛው ጎኑ በካቴናው በኩል እንደነበር ካላስታወሳችሁ ከስሙ በግራም በቀኝም ለኩ፤ ከሁለቱ በአንዱ ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ ባይገጥም ኖሮ ከሁለት ሜትር በላይ የሚሆነውን ጎማ ዙሪያውን በጣታችሁ ስትዳብሱ ትውሉ ነበር። በነገራችን ላይ እኔ ከግራር እሾኽ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ካለቀ የመኪና ጎማ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ነው። እንደ ፀጉር ስለሆነ በዓይን አይታይም። ጎማው ውስጥ ከቀረ የለጠፋችሁትን ካላማዳሪ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይበሳዋል።

ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ላይ ትንሽ በትንሽ ይንሸራተታል። ካላማዳሪውንም አብሮ ይጎትታል። ቫልቩ ያዘነብላል፤ አንድ ቀን ሥሩ ላይ ይቀደዳል፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ መለጠፍ የለም። ጽሑፉን ቫልቩ ላይ አግጥማችሁ ከሆነ ግን ጎማው መሄዱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ትናንት ቫልቩ ላይ የነበረው ፊደል ዛሬ አንድ ጣት ሸሽቶ ከሆነ፣ ፖምፓችሁን አምጡ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ጎማ አውጡ። የቸርኬውን ውስጥ በጣታችሁ ዙሩት፤ የቸርኬውን ሽቦዎች (የራጂዎቹን) ጫፍ የሚሸፍነው ጨርቅ ወይም ጎማ በቦታው መሆኑን እዩ። የጎማውን አንዱን ጠርዝ ብቻ ቸርኬው ውስጥ አስገቡ። አሁን ጎማው ገና ላላ ነው፤ ስሙ የቫልቩ ቀዳዳ ላይ እስኪመጣ አዙሩት። ካላማዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ንፋስ ስጡት፤ ቫልቩን አስገቡ፤ ቀሪውን በዙሪያው አኑሩት።

ከዚያ ሁለተኛውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ በሁለት አውራ ጣት ወደ ቫልቩ እየገፋችሁ ኑ። መጨረሻው ቫልቩ ጋ ይሁን። ምክንያቱም የጎማው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሀል ጎድጓዳ ሲወርድ ላላ ይላል፤ ቫልቩ ጋ ግን ካላማዳሪው መንገድ ስለሚዘጋበት አይወርድም። እዚያ ከጀመራችሁ መጨረሻው ይጠብቅባችኋል። ብረት ወይም የማንኪያ እጀታ ሳትጠቀሙ ለመጨረስ ሞክሩ። ሲያልቅ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ መልሱት፤ ካላማዳሪው ከጠርዙ ሥር ተነክሶ ከሆነ ይለቃል።

ከሙሉ ንፋስ በፊት አንድ ጊዜ ተመልከቱ። ስሙ ግማሽ ጣት ያህል ፈቀቅ ካለ፣ ጎማው ገና ላላ እያለ በሁለት እጅ ጨብጣችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ቱቦላሬ ላይ ግን ይሄ አይሠራም። እሱ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ የሚጣበቅ ስለሆነ ቫልቩ የሚገባበትን ቦታ መምረጥ አትችሉም፤ ቫልቩ ከጎማው ጋር የተሰፋ ነው። ስሙን የሚያስቀምጠው ፋብሪካው ነው።

የደበዘዘውን ማደስ

ከቀለም በፊት ጎማው የሚገባው መሆኑን አረጋግጡ። ንፋሱን አስወጡና ጎኑን በሁለት ጣት ቆንጥጡት። ስንጥቅ ከተከፈተ፣ ክር ከታየ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሽቦ ካገጠጠ፣ ይህ ጎማ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንጂ የሚነዳ አይደለም። ለግድግዳ ከሆነ እንደፈለጋችሁ ቀቡት።

ጽሑፉ ምን ዓይነት እንደሆነ በጥፍራችሁ እወቁ። ጥፍር የሚይዘው ከሆነ ከቅርጹ ጋር የወጣ፣ ከጎማው አካል የሆነ ፊደል ነው። ለስላሳ ከሆነ በሙቀት የታተመ ነው። ጠርዙ እንደ ወረቀት ብድግ የሚል ከሆነ የተለጠፈ ነው፤ ቱቦላሬ ላይ ይሄ ይበዛል። ከቅርጹ ጋር የወጣውን ማደስ ቀላል ነው። የታተመው ይከብዳል። የተለጠፈውን ባትነኩት ይሻላል።

እዚህ ላይ የኔን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያው ጎማዬ ጎኑ የማር ቀለም ነበር። ጽሑፉ ዙሪያ ያለው እድፍ በሳሙና አልለቅ ቢለኝ ቲነር ነክሬ አሸሁት። እድፉ ለቀቀ። ጎማውም አብሮ ለቀቀ። የዚህ ዓይነት ጎማ ጎን ክር ላይ የተቀባ ስስ ጎማ ነው፤ ቲነሩ ያን ስስ ሽፋን አሟሙቶ ክሩን እርቃኑን አስቀረው። ቀጥሎ የመጣው ሞኝነት ደግሞ በቤት ዘይት ቀለም መጻፌ ነው። ለሦስት ቀን አማረ። በሳምንቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ በየዙሩ ይተጣጠፋል፤ የበርና የመስኮት ቀለም መተጣጠፍ አያውቅም።

ስለዚህ ቲነር፣ ቤንዚን፣ አሴቶን ይቅሩ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ አንድ ሌሊት ጥላ ውስጥ ይደር። በማግስቱ የምትጽፉበትን ቦታ ብቻ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ይህ ሁለተኛው መጥረግ ለምን አስፈለገ? ጎማ «ያልበዋል»። ሲሠራ ከፀሐይና ከአየር እንዲከላከልለት ሰምና መከላከያ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ እነሱ ዓመት እስከ ዓመት ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። የቆመ ጎማ ላይ የምታዩት ቡናማ ድባብ ከእነሱ የመጣ ነው። ሰም ላይ ቀለም አይይዝም። የጎማ ማብሪያ ስፕሬይ የተቀባ ጎማ ከሆነ ደግሞ በሲሊኮን ተሸፍኗል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት።

አልኮሉንም ቀለሙንም ቸርኬው በሚሸፍነው የጎማ ጠርዝ ላይ መጀመሪያ ሞክሩ። ቢበላሽ ማንም አያየውም።

ከዚያ ጎማውን አስገብታችሁ በምትነዱበት ልክ ንፋስ ሙሉት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባልተነፋ ጎማ ላይ ከጻፋችሁ ንፋስ ሲሞላ ጎኑ ይወጠርና ቀለሙን ገና ሳትነዱ ይሰነጥቀዋል። ቸርኬውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ፍሬኑ የሚይዘው ቸርኬውን ነው፤ የቀለም ጠብታ እዚያ አያስፈልግም።

ከፍ ብሎ ለተቀረጸው ፊደል ብሩሽ አትጠቀሙ። የቀለም ማርከር ጫፉን ሳይሆን ጎኑን አጋድማችሁ ፊደሎቹን ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ እየነካችሁ እለፉ። ወይም ትንሽ ስፖንጅ ቀለም አስነኩ፣ አብዛኛውን ጋዜጣ ላይ ጥረጉት፣ በቀረው ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ቀለሙ ወደ ሥሩ ከወረደ ፊደሉ ይወፍራል፤ ከሩቅ ሲያዩት የሕፃን ሥራ ይመስላል። ያለፈውን አልኮል በነካ ጥጥ ወዲያው አንሱት። ሁለት ስስ ቀለም ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። በመሀሉ አንድ ሰዓት ስጡት።

መጠኑንና የንፋሱን ልክ የሚናገሩትን ትንንሽ ፊደሎች እባካችሁ አትድፈኗቸው። የሚቀጥለው ባለቤት ያስፈልጉታል።

በራስ ፊደል መጻፍ

የድሮውን ስም ከማደስ ይልቅ የራሳችሁን መጻፍ ብትፈልጉስ? እኔ ለባለ 28ቱ እንደዚያ አደረግሁ። የታወቀ ኩባንያ ስም ርካሽ ጎማ ላይ መጻፍ አልወድም። ለራስ ከሆነ ቀሽም ነገር ነው፤ ለመሸጥ ከሆነ ፎርጅድ ነው። የራስ ስም፣ የክለብ ስም፣ የከተማ ስም ግን ያምራል።

መጀመሪያ ቅስቱን አውጡ። የጎማ ጽሑፍ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አይቀመጥም፤ ጎማውን ተከትሎ ይጎብጣል። 622 ለሁለት ሲካፈል 311 ሚሊሜትር ነው። ጽሑፉ ከቸርኬው ጠርዝ ከፍ ስለሚል ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ጨምሩበት፤ 32.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ለ635ቱ ወፍራም ጎማ 33 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ካርቶን ላይ ሚስማር ትከሉ፣ ሲባጎ እሰሩበት፣ በዚያ ርዝመት እርሳስ አስራችሁ ቅስት አስምሩ። የፊደሎቹ እግር በዚህ መስመር ላይ ይቆማል። እግራቸው ወደ ቸርኬው፣ ራሳቸው ወደ መሬት ነኪው። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ጎማ 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ይበቃል። ለወፍራሙ እስከ 12 ይደርሳል።

ቀጥሎ ስቲከር ላይ ፊደሎቹን በካተር ቆርጣችሁ ማውጣት ነው፤ ቀለም የሚያልፈው በተቆረጠው በኩል ነው። የኛ ፊደል እዚህ ላይ ያስቸግራል። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ ውስጣቸው የተዘጋ ነው። ቀለበቱን ስትቆርጡ መሀሉ ወልቆ ይወድቅና ቀለሙ ሁሉን ይሞላዋል። ስለዚህ በየቀለበቱ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል ድልድይ ሳትቆረጥ ትቅር። የኃምሶቹም ቀለበት እንደዚያው ነው፤ ሌ እና ቤን አስቡ። ቅጥያዎቹም ተንኮለኞች ናቸው። በ8 ሚሊሜትር ፊደል ላይ የቡ ቅጥያ ከአንድ ሚሊሜትር አትበልጥም። ካተሩ ካለፋት ቡ በ ሆና ትቀራለች፤ ቡሄም በሄ ትሆናለች።

እኔ «ጣና» ብዬ ጻፍኩ። ባሕር ዳርን ስለምወድ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሁለቱም ፊደል የተዘጋ ቀለበት የላቸውም።

ቀለሙ የሚለጠጥ መሆን አለበት። በቀላሉ የሚገኘው ቲሸርት የሚያትሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ በውሃ የሚቀጥነው የጨርቅ ቀለም ነው። ክሩ ለሚታይ የማር ቀለም ጎን ደህና ይይዛል። ፈሳሽ ላቴክስ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አንድ ማንኪያ ላቴክስ ላይ ጥቂት ጠብታ የአክሪሊክ ቀለም ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ። እርጥብ እያለ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ አትደንግጡ። ወርቃማ ቀለም ካማራችሁ ግን ተጠንቀቁ። ብዙው የወርቅ ዱቄት የመዳብ ቅይጥ ነው። መዳብ የተፈጥሮ ጎማን ይበላል። ቢጫ ምረጡ።

ስቲከሩን ንፋስ በተሞላው ጎማ ላይ፣ መሀሉን ከቫልቩ አግጥማችሁ ለጥፉ። ጠርዝ ጠርዙን በጥፍር ተጫኑ። በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ ቀቡ፤ አትጥረጉ፣ ቀለሙ ከሥር ይገባል። ስቲከሩን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ በጣት ሲነኩት ትንሽ ብቻ የሚጣበቅ ሲሆን፣ ቀስ ብላችሁ ላጡ። ከደረቀ በኋላ ከላጣችሁት ፊደሉን ይዞት ይመጣል። አንድ ቀን ሙሉ ከፀሐይ አርቃችሁ አቆዩት። ከዚያ የሕፃን ፓውደር በጣታችሁ አስነኩት፤ አቧራ አይጣበቅበትም።

የማይፈለግ ጽሑፍ

አንዳንዴ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ለአሮጌ ብስክሌት ተብሎ የሚሠራ ጎማ አለ፤ የጃፓኑ ፓናሬሰር ፓሴላ ጎኑ የማር ቀለም ነው፣ የጀርመኑ ሽዋልበ ዴልታ ክሩዘር በክሬም ይገኛል። እነሱ ጨዋ ናቸው። ሌላው ግን አሮጌውን ብስክሌት በደማቅ ትልልቅ ፊደል የማስታወቂያ ሰሌዳ ያደርገዋል። ጽሑፉ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነና ቀስት ከሌለው አዙራችሁ አስገቡት። ጥቁር ጎማ ላይ ከሆነ ጥቁር ቋሚ ማርከር ይሸፍነዋል፤ ሲለቅ መድገም ነው። የማር ቀለም ላይ ከሆነ አልኮል በነካ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሞክሩ። ካልለቀቀ ተዉት። ብርጭቆ ወረቀት አታስቡ፤ ከክሩ በላይ ያለው ሽፋን ከወረቀቱ ብዙም አይወፍርም።

ከጨረሳችሁ በኋላ

ባለ 28 ብስክሌት ላይ ጎማውን እየነካ የሚዞር ዲናሞ ካለ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ዲናሞውን ጎማው ላይ አሳርፋችሁ አንድ ዙር አዙሩት። ጥርሱ የሚሄድበት መስመር ላይ የተጻፈ ሁሉ በአንድ ማታ ይጠፋል። ብዙ ጎማ ላይ ለዲናሞ የተተወ ሸካራ መስመር አለ፤ ከእሱ ሥር ጻፉ ወይም ወደ ሌላው ጎን አዙሩ። እኔ «ጣና»ን ስጽፍ ይህን ረስቼው ነበር። ከዲናሞው የተነሳ ሁለቱም ፊደሎች ራሳቸውን አጥተው ለአንድ ወር እንደዚያው ስነዳ ከርሜያለሁ።

የጎማ ማብሪያ ከዚህ በኋላ አትቀቡ፤ ቀለሙን ያነሳዋል፣ ቸርኬውን ያንሸራትታል። ብስክሌቱ ሲቆም ጥላ ውስጥ ይቁም። በሳምንት አንድ ጊዜ ንፋስ ስትሞሉ ጽሑፉን አብራችሁ እዩት። ፊደሉ ላይ ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ነው፤ በስስ ቀለም ድገሙት። ስንጥቁ ከፊደሉ ወጥቶ ጎማው ላይ ከቀጠለ አዲስ ጎማ የምትገዙበት ቀን ደርሷል፤ ሱቅ ስትሄዱ የሰረዙን ቁጥር ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።